«ተፈጥሮዬ ነው» ከማለታችሁ በፊት

 

ዛሬ ስለ መድኃኒትም ስለ ምግብም አይደለም የምጽፈው። በምርመራ ክፍል ውስጥ በየቀኑ ስለምሰማት አንዲት አጭር ንግግር ነው። መልኳ ይለያያል እንጂ ትርጉሟ አንድ ነው፦

«ዶክተር፣ ስኳር እኮ በዘራችን ነው። እናቴም አያቴም በሱ ነው ያለፉት። የኔም መምጣቱ አይቀርም።»

«እኔ ውሃ ብጠጣም እወፍራለሁ።»

«በዚህ ዕድሜዬ ስፖርት? ካረጁ አይበጁ!»

«ሲጋራ ስንቴ አቁሜ ስንቴ ጀመርኩ። እኔ ወኔ የለኝም።»

«የልጄ ጭንቅላት ትምህርት አይቀበልም።»

እና የሁሉም እናት የሆነችው፦ «ምን ላድርግ፣ የአርባ ቀን ዕድሌ ነው።»

የኔ አቋም ግልጽ ነው። እነዚህ አባባሎች ትሕትናም ዕውቀትም አይደሉም። ሳይፈተኑ እውነት የተባሉ ግምቶች ናቸው። ጉዳታቸው ደግሞ ስሜት ላይ ብቻ አያበቃም። «መምጣቱ አይቀርም» ያለ ሰው ደሙን አይመረመርም። «አልችልም» ያለች ሴት ለ2 ሳምንት የጀመረችውን የእግር ጉዞ በሦስተኛው ሳምንት ትተወዋለች። «አይቀበልም» የተባለ ልጅ ደብተሩን መክፈት ያቆማል። ከዚያ ውጤቱ ሲበላሽ «አላልኳችሁም?» እንላለን። ግምቱ ራሱን እውነት አደረገ ማለት ነው።

ለመሆኑ ይህ እምነት ከየት መጣ?

ማንም ሰው «አልችልም» እያለ አልተወለደም። ሕፃን ልጅ መራመድ ሲጀምር ስንት ጊዜ እንደሚወድቅ ታውቃላችሁ። ወድቆ ይነሳል፣ እንደገና ይወድቃል። «መራመድ ተፈጥሮዬ አይደለም» ብሎ የተቀመጠ ሕፃን አይታችኋል?

እ.ኤ.አ. በ1967 ማርቲን ሴሊግማን እና ስቲቨን ማየር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በውሾች ላይ አንድ ሙከራ አደረጉ። ውሾቹ ምንም ቢያደርጉ ማስቆም የማይችሉት የኤሌክትሪክ ንዝረት ተሰጣቸው። በኋላ ግን አጥሯ ዝቅ ያለች፣ ዘለው ሊያመልጡባት ወደሚችሉ ሳጥን ወሰዷቸው። ብዙዎቹ አልዘለሉም። ተኝተው ማልቀስ ብቻ። መውጫው አጠገባቸው ነበር፣ ያለፈው ልምዳቸው ግን እንዳይሞክሩት አደረጋቸው።

ታሪኩ ግን በዚህ አላበቃም። ሁለቱ ተመራማሪዎች ከ50 ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ2016፣ የአንጎል ጥናቶችን አይተው የራሳቸውን ሐሳብ አስተካከሉ። ከባድ ነገር ሲደራረብብን እጅ መስጠት አንጎላችን በራሱ የሚያደርገው ምላሽ ነው አሉ። የምንማረው ነገር ሌላኛው ነው፦ «የማደርገው ነገር ለውጥ ያመጣል» የሚለውን።

ይሄን ልብ በሉልኝ። ተስፋ ስትቆርጡ ደካማ ስለሆናችሁ አይደለም፣ የተለመደ የአንጎል ምላሽ ነው። ተስፋ ግን ይሠለጥናል።

እኛ አገር ሥልጠናው ብዙ ጊዜ በተቃራኒው ነው የሚሄደው። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንተኛ ወጣህ?» ነው። «ምን ተማርክ?» የሚለው ሁለተኛም ሦስተኛም አይመጣም። ቋንቋችንንም እዩት። ውጤቱ ዝቅ ያለ ተማሪን «ሰነፍ ተማሪ» እንለዋለን። ልጁ ሌሊቱን ሲያጠና አድሮ ሊሆን ይችላል፣ ዓይኑ ሰሌዳውን አጥርቶ አያይ ይሆናል፣ ቁርስ ሳይበላ መጥቶ ይሆናል። ስሙ ግን ሰነፍ ነው። ይህን ስም ይዞ ያደገ ሰው 40 ዓመት ሲሞላው ሐኪም ፊት ተቀምጦ «እኔ አልችልም» ቢል ምን ይገርማል?

ሌላም ምክንያት አለ፣ እሱም እፎይታ ነው። «ተፈጥሮዬ ነው» ስንል መሞከር የለም፣ መውደቅም የለም፣ ሰውም አይስቅብንም። ለዚህ ነው አባባሏ የምትጣፍጠን። ዋጋዋ ግን ውድ ነው።

ሳይንሱ ምን ይላል?

የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲዋ ካሮል ድዌክ ሰዎች ስለ ችሎታቸው ያላቸውን እምነት ለአሥርት ዓመታት አጥንታለች። በ2006 ባሳተመችው መጽሐፍ ሁለት ዓይነት አመለካከት ለይታ አስቀመጠች። አንደኛው «ችሎታ ሲወለዱ የተሰጠ ነው፣ አይለወጥም» የሚል ነው። ሁለተኛው «ችሎታ በጥረት፣ በዘዴና በሰው እርዳታ ያድጋል» የሚል ነው። ሁለተኛውን የዕድገት አስተሳሰብ እንበለው።

ይሄ ባዶ ማጽናኛ እንዳይመስላችሁ። የለንደን ታክሲ ሾፌሮች ፈቃድ ለማግኘት ወደ 25,000 የሚጠጉ መንገዶችን በቃላቸው ማጥናት ነበረባቸው። ሥልጠናው ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ዓመት ይወስዳል። በ2000 የወጣ ጥናት የሾፌሮቹ አንጎል ውስጥ ሂፖካምፐስ የሚባለው የማስታወሻ ክፍል የኋላው ጫፍ ከሌላው ሰው ተልቆ መገኘቱን አሳየ። «ምናልባት ሲወለዱም እንደዚያ ይሆናል» ትሉ ይሆናል። ተመራማሪዎቹም ይህን ጠየቁ። ሠልጣኞቹን ከመጀመሪያው ጀምረው ተከታተሉና በ2011 ውጤቱን አወጡ። ሲጀምሩ ልዩነት አልነበረም። ሥልጠናውን ጨርሰው ፈቃድ ያገኙት ላይ ግን ያ ክፍል አድጎ ተገኘ። አዋቂ ሰዎች ናቸው እኮ!

አሁን ወደ «ስኳር በዘራችን ነው» እንመለስ። በ2002 በአሜሪካ ይፋ የሆነ ትልቅ ጥናት አለ። 3,234 ሰዎች ተሳትፈዋል። ሁሉም የደም ስኳራቸው ከፍ ያለ፣ ግን ገና ስኳር በሽታ ደረጃ ያልደረሰ ነበር። አብዛኞቹ ቤተሰባቸው ውስጥ ስኳር አለ። ለአንደኛው ቡድን ሜትፎርሚን የተባለው መድኃኒት ተሰጠ። ሁለተኛው ቡድን የሰውነት ክብደቱን 7 በመቶ እንዲቀንስና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀስ ታገዘ። ሦስተኛው ቡድን የሚመስል ግን መድኃኒት የሌለበት ኪኒን ወሰደ።

ወደ 3 ዓመት ከሚጠጋ ክትትል በኋላ፣ ከሦስተኛው ቡድን ጋር ሲወዳደር፣ መድኃኒቱ በስኳር የመያዝን ዕድል በ31 በመቶ ቀነሰ። የአኗኗር ለውጡ ግን በ58 በመቶ! ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ በሆኑት ላይ ደግሞ ቅናሹ 71 በመቶ ደረሰ። «ካረጁ አይበጁ» ለሚሉ አባቶችና እናቶች ይህን ቁጥር አንብቡላቸው። ከዚህም አልፎ በ2006 የወጣ ተከታይ ጥናት ለስኳር የሚያጋልጠውን አንድ የታወቀ ዘረመል ከሁለቱም ወላጆቻቸው የወረሱት ሰዎች እንኳ በአኗኗር ለውጥ መጠቀማቸውን አሳይቷል።

150 ደቂቃ ማለት ምን ማለት ነው? በቀን 30 ደቂቃ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ፣ በሳምንት 5 ቀን። 7 በመቶ ማለትስ? 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 5 ኪሎ ተኩል ገደማ። «ቀጭን ሁኑ» አልተባሉም። ዘር አለ፣ አልክድም። ዘር ግን ጭነቱን ያከብደዋል እንጂ መሪውን ከእጃችሁ አይወስድም።

ከራሳችን አገር አንድ ምስክር

ወ/ሮ ማሚቱ ጋሼን የምታውቋት ታውቋታላችሁ። ገጠር ተወልዳ፣ በልጅነቷ ተድራ፣ በመጀመሪያ ወሊዷ በደረሰባት ከባድ ምጥ ፌስቱላ ይዟት አዲስ አበባ የመጣች ታካሚ ነበረች። ፊደል አልቆጠረችም። ሐኪሞቹ ካትሪን እና ሬጅናልድ ሃምሊን አከሟት። ከዚያ እዚያው ቀርታ አልጋ ማንጠፍና ሕሙማንን መንከባከብ ጀመረች። ቀጥሎ በቀዶ ሕክምና ክፍል ማገዝ መጣ። ቀስ በቀስ እያየች፣ እየሠራች፣ እየታረመች ራሷ የፌስቱላ ቀዶ ሕክምና የምትሠራ ሆነች። ከዚያም አልፋ የተማሩ ሐኪሞችን በዚሁ ሙያ አሠለጠነች። ቢቢሲም በ2018 ከዓመቱ 100 ሴቶች አንዷ ብሎ መርጧታል።

ይህን ታሪክ ስንሰማ «ልዩ ፍጡር ናት» ብለን እናልፈዋለን። እኔ ሌላ ነገር ነው የማይበት። አንደኛ፣ አንድ ቀን ተነስታ ቢላ አልጨበጠችም፤ እያንዳንዷ ደረጃ ከቀደመችው በትንሹ ብቻ ከፍ ያለች ነበረች። ሁለተኛ፣ «ያልተማረች ናት» ብለው ያልተዋት፣ ሥራ የሰጧትና ያረሟት ሰዎች አጠገቧ ነበሩ። የዕድገት አስተሳሰብ በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ብቻ አይኖርም። በቤት፣ በክፍል፣ በሥራ ቦታም ይኖራል ወይም ይጠፋል።

ግን አንዋሽ

በየስልካችን የሚዞሩ «ካመንክ ሁሉም ይሆናል» የሚሉ ቪዲዮዎች አሉ። በዚህ አልስማማም። ማመን ብቻውን ስኳር አያወርድም፣ ደም ግፊት አያስተካክልም፣ ፈተናም አያሳልፍም። «አስተሳሰቤን ለውጫለሁ» ብላችሁ መድኃኒታችሁን እንዳታቆሙ፣ አደራ!

ጥናቶቹም ራሳቸው ልከኞች ናቸው። በአሜሪካ 12,000 በሚያህሉ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ የተደረገ፣ ውጤቱ በ2019 የወጣ ሙከራ ነበር። ከአንድ ሰዓት ያነሰ በኮምፒውተር የሚሰጥ ትምህርት ስለ አንጎል ማደግ አስተማራቸው። ውጤታቸው ዝቅ ያሉት ተማሪዎች አማካይ ነጥብ በ0.1 ከፍ አለ። ትንሽ ናት፣ ግን እውነተኛ ናት። ከዚያ በፊት በ2018 ብዙ ጥናቶችን ደምሮ ያየ ሥራም በጥቅሉ ውጤቱ ደካማ ነው ብሏል፤ የተሻለ ጥቅም ሊኖር የሚችለው ለችግረኛ ተማሪዎች ነው ብሎ ነበር። ስለዚህ ተአምር የሚሸጥላችሁን ሰው ተጠራጠሩ።

ኑሮም አለ። በ2 ሥራ የምትሮጥ እናት፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቶ የታክሲ ሰልፍ የሚጠብቅ ሠራተኛ፣ «አስተሳሰብህን ቀይር» ብቻ ቢባል ስድብ ነው። እሱ የሚፈልገው በዚያው ኑሮው ውስጥ የምትገባ ትንሽ እርምጃ ነው።

«ይቻላል» የሚለውን ቃል ከኃይሌ ገብረሥላሴ አፍ ስንሰማው ለምን ያምርብናል? ከኋላው የዓመታት ልምምድ ስላለ ነው። በ2008 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2:03:59 ሲጨርስ 35 ዓመቱ ነበር። ቃሉን ያከበደው ሩጫው ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1. አባባሏን ጻፏት። አሁኑኑ ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ ክፈቱና «እኔ … አልችልም» የምትለዋን በራሳችሁ ቃል አስፍሯት። ከዚያ ጠይቁ፦ ይሄ የታየ ነገር ነው ወይስ ግምት? «ባለፈው ዓመት 3 ጊዜ ጀምሬ አቋረጥኩ» የታየ ነገር ነው። «እኔ ዘላቂነት የሌለኝ ሰው ነኝ» ግምት ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

2. «ገና» የምትለዋን ጨምሩ። «አልቻልኩም» እና «ገና አልቻልኩም» መካከል ያለው ልዩነት ሁለት ፊደል ብቻ ነው። የመጀመሪያው በር ይዘጋል፣ ሁለተኛው ገርበብ ያደርገዋል።

3. እርምጃዋን እስክታፍሩባት ድረስ አሳንሷት። አልበርት ባንዱራ የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ በ1977 እንዳስረዳው፣ «እችላለሁ» የሚለውን እምነት ከሁሉም በላይ የሚገነባው ምክርም ጭብጨባም ሳይሆን ራስ ሠርቶ ማየት ነው። ስለዚህ ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድማችሁ ውረዱ። ቡና ላይ 3 ማንኪያ ስኳር የምታደርጉ 2 አድርጉ። ልጃችሁ 20 ጥያቄ ከሚፈራ 2 ጥያቄ ይሥራ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ያሉት አባቶቻችን ይህን ቀድመው ያውቁታል።

4. ስትወድቁ ዘዴውን ክሰሱ። «እኔ ወኔ የለኝም» ያለው ሲጋራ አጫሽ ስንቴ ማቆሙን ራሱ ነግሮኛል። ብዙ ሰው በመጀመሪያው ሙከራ አያቆምም። እያንዳንዱ ሙከራ መረጃ ይሰጣል፦ የተመለስኩት መቼ ነው? ከማን ጋር ነበርኩ? ከቡና በኋላ ነው? ከጫት ጋር ነው? ይህን ይዞ ወደ ሐኪም የመጣ ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል።

5. ጊዜ ስጡት። «በ21 ቀን ልማድ ይለወጣል» የሚለውን እርሱት። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ 96 ሰዎችን የተከታተለ ጥናት አንድ አዲስ ልማድ ሳይታሰብ የሚሠራ ለመሆን በአማካይ 66 ቀን እንደሚፈጅ አግኝቷል። የአንዳንዱ 18 ቀን፣ የአንዳንዱ ደግሞ እስከ 254 ቀን ነው። አንድ ቀን መዝለል ደግሞ ሥራውን አላበላሸውም። ስለዚህ በ22ኛው ቀን ከከበዳችሁ ምንም አልተበላሸም። ገና መንገድ ላይ ናችሁ።

6. አጠገባችሁ ያለውን ሰው ምረጡ። እናንተን የሚመስል፣ እንደናንተ የሚኖር፣ ግን አንድ እርምጃ የቀደመ ሰው ፈልጉ። የጎረቤት እማማ በየጠዋቱ ሲራመዱ ማየት ከሺህ ቪዲዮ ይበልጣል።

ለወላጆች

በ1998 ድዌክ እና ክላውዲያ ሙለር ሕፃናት ላይ የሠሩት ጥናት አለ። ልጆቹ ጥያቄ ከሠሩ በኋላ ከፊሎቹ «ብልህ ነህ» ተባሉ፣ ከፊሎቹ «በደንብ ጥረሃል» ተባሉ። ቀጥሎ ከባድ ጥያቄ መጣ። «ብልህ ነህ» የተባሉት ከባዱን መሸሽ አበዙ፣ ከውድቀት በኋላ ውጤታቸው ወረደ፣ ነጥባቸውን ሲጠየቁ የዋሹትም በነሱ በኩል በዙ። ለምን? ብልህ የሚለውን ስም ላለማጣት ነዋ!

እኛ ደግሞ የታደልን ነን። አማርኛ ውስጥ «በርታ» እና «በርቺ» የሚሉ ቃላት አሉን። «በርታ» ስለ ሰውየው ተፈጥሮ ምንም አይፈርድም፤ ወደፊት የሚሠራውን ነው የሚያየው። ልጃችሁ 10 ሲያመጣ «ጎበዝ» በሉት፣ ክፉ ቃል አይደለም። ግን ጨምሩበት፦ «ይሄን እንዴት ሠራኸው? አሳየኝ እስቲ።» 4 ሲያመጣ ደግሞ «ሰነፍ» ከማለት «የቱ ጋ ከበደህ?» በሉት። መልሱ ካልገባችሁ ከመምህሩ ጋር ተነጋገሩ፣ ዓይኑንና ጆሮውንም አስመርምሩ። ጥረቱን ብቻ እያሞገሱ ዘዴውን ሳያሳዩ መተውም ልጁን አይረዳውም።

መቼ ነው ሐኪም የሚያስፈልገው?

አንዳንዴ «አልችልም» የሚለው ድምፅ የአስተሳሰብ ጉዳይ አይደለም፣ በሽታ ነው። ለ2 ሳምንትና ከዚያ በላይ በአብዛኛው ቀን ድብርት ከተሰማችሁ፣ ድሮ ደስ የሚላችሁ ነገር ካስጠላችሁ፣ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎታችሁ ከተዛባ፣ ራሳችሁን ዋጋ ቢስ አድርጋችሁ ካያችሁ፣ ይሄ ድባቴ ሊሆን ይችላል። ራስን ስለ መጉዳት ሐሳብ ከመጣ 2 ሳምንት አትጠብቁ፤ ዛሬውኑ ለምታምኑት ሰው ንገሩና ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። የማያቋርጥ ድካምም የደም ማነስ ወይም የእንቅርት ዕጢ ችግር ሊሆን ይችላል። ለታመመ ሰው «አስተሳሰብህን አስተካክል» ማለት እግሩ ለተሰበረ «ሩጥ» እንደማለት ነው። ድባቴ ይታከማል። ለሕክምና መምጣትም ራሱ «እለወጣለሁ» ማለት ነው።

በመጨረሻም

«የአርባ ቀን ዕድሌ ነው» የምትሉ ወገኖቼ፣ ዕድላችሁ ምን እንደሆነ እኔም አላውቅም፣ እናንተም አታውቁም። ማወቅ የሚቻለው የደም ስኳራችሁን ቁጥር ነው፣ የወገባችሁን ልክ ነው፣ ዛሬ የተራመዳችሁትን ደቂቃ ነው። እነዚህን ሦስቱን ካወቃችሁ ሥራው ተጀምሯል።

ቤተሰባችሁ ውስጥ ስኳር ካለ ወይም ክብደታችሁ ከጨመረ በዚህ ሳምንት የደም ስኳራችሁን ተመርመሩ። አስቸጋሪ ምርመራ አይደለም፣ በጤና ጣቢያም ይሠራል።

እናንተን ወደኋላ ስትይዛችሁ የኖረችው አባባል የትኛዋ ናት? «ገና» ጨምራችሁባት በኮሜንት ጻፉልን። «እኔ አልችልም» እያለ ለሚቸገር ወዳጃችሁም ሼር አድርጉለት።

በርቱ! መልካም ጤንነት።